ኋሊት የተረገጠ መንገድ

የአባቴ እግር መንገዱ መጀመሪያ ላይ ሲደርስ ተጣብቆ ቀረ። የቤቱን ደፍ በስንት መከራ ተሻግሮ፣ ከደጃፉ ጥቂት እንደተራመደ፣ ልክ የወንዙ ዳር መንገድ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ቆመ። ዕቃችን ተጭኖ አልቋል። ወንድሜ ፒክአፑን መንገዱ ከአስፋልቱ በሚገናኝበት ጫፍ አቁሞ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ ተመልሶ መጥቷል። ቤቱን የሚያፈርሱትን ሰዎች የሚመራው ፎርማን አጥሩ ሥር ቆሞ ቆቡን በጣቱ ያሽከረክራል። የቀረው አባቴ በእግሩ ያንን መንገድ ጨርሶ መኪናው ድረስ መሄዱ ብቻ ነበር።

«ቀኝህን አንሳ አባዬ» አልኩት።

«አንስቻለሁ እኮ» አለ።

አላነሳም። እግሩ ያው የነበረበት ነው።

ነገሩ ከጀመረው ዓመታት አልፈዋል። ሐኪሙ በሽታውን በረጅም ስም ከጠራው በኋላ ፊቴን አየና አሳጠረልኝ፤ ጭንቅላቱ ያዛል፣ ትዕዛዙ እግሩ ዘንድ አይደርስም አለኝ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ እያነሰ ሄዷል፣ እግሩን ደግሞ በተለይ በር ላይና ጠባብ ቦታ ላይ መሬቱ እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ቤት ውስጥ መላ ነበረኝ። የመጥረጊያውን እንጨት ከፊቱ አጋድሜ «ይህን ተሻገር» ስለው አንዳንዴ ይሻገራል። አንዳንዴ ደግሞ እንጨቱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ሁለታችንም እንስቃለን፤ ከዚያ ብብቱ ሥር ገብቼ እጎትተዋለሁ። ወገቤ በዚያው ቀረ። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነው የምኖረው፤ ከስፌት መኪናው ስነሳ አባቴን ማንሳት ይጠብቀኛል፤ አባቴን አስተኝቼ ስነሳ ደግሞ የሚነሳ ሌላ ነገር አይጠፋም። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው «ምነው ከሳሽ» ሲለኝ መልስ መስጠቱ ራሱ ይደክመኛል።

ወንድሜ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፤ ቀለም ቀቢ ነው። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ደረጃ የለውም፣ ሚስቱም ደግ ናት። የወንዙ ዳር ቤቶች ለግንብ ሥራ ይፈርሳሉ ሲባል አባቴ ከእነርሱ ጋር እንዲኖር ተስማማን። እኔ ከስፌት ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። አልጋዬና የስፌት መኪናዬ ይገቡባታል፤ አባቴ አይገባባትም። ክፍሏን በስፌት ሜትር ለክቻታለሁ። እንደማይገባ አውቄም እንደገና ለክቻታለሁ።

አባቴ መሄዱን አልተቃወመም። አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ በሸክም እንዳያወጡኝ አለ።

ምክንያቱን አልጠየቅሁትም። እናቴ ታማ ከዚያ ቤት የወጣችው በቃሬዛ ነው። ጎረቤቶች ተሸክመዋት በጓሮው ጠባብ የዳገት መንገድ ሲሄዱ፣ አባቴ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ «እግሯ እንደ ሬሳ ከፊት ሆነ፣ አዙሯት፣ እባካችሁ አዙሯት» ይል ነበር። መንገዱ የአንድ ሰው ወርድ ነበር፤ ቃሬዛ አያስዞርም። ሳያዞሯት ሄዱ፤ እርሷም አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲህ ቃሬዛም፣ ወንበርም፣ የሰው ጀርባም ለአባቴ አንድ ናቸው። እኔ ደግሞ ዓይኔ እግሩ ላይ እያለ «በእግርህ ትወጣለህ» ብዬ ቃል ገባሁለት። ምን ቆርጦኝ እንደሆነ አላውቅም።

ጠዋቱን ሙሉ ያልሞከርነው የለም። የመጥረጊያው እንጨት ደፉን አሻግሮት ነበር፤ መንገዱ ላይ ግን እምቢ አለ። ወንድሜ ከፊት ቆሞ እንደ ሕፃን «ና፣ ና» አለው። ቆጠረለት። እንደ ወታደር «ግራ ቀኝ» አለው። በሽተኛ ጎትቶ ስለማያውቅ ክንዱን ይዞ ሳበው፤ አባቴ ወገቡ ሄዶ እግሩ ቀረ፤ ሁለታችን ባንደግፈው ኖሮ በአፍጢሙ ይደፋ ነበር። ወንድሜ ላብ በላብ ሆነ። ደረቱን እየነፋ ከመጣበት ጉዞ ይህን አልጠበቀም።

የጀልበኛው ሚስት፣ እኛ እትዬ የምንላት ጎረቤታችን፣ ልትሰናበተን መጥታ የራሷ ጓዝ ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም። አፏ እንደ ድሮው ነው።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ሚዜ እየጠበቅህ ነው እንዴ?»

አባቴ ፈገግ አለ። እግሩ ግን ቀልድ አይሰማም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በጓሮ በኩል ዳገቱን ይዘን እንወጣ ነበር። አባቴም ገበያ ሲሄድ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ ሐኪም ዘንድ ስንወስደው፣ ሁሌም በዚያ በኩል ነው የወጣው። አሁን ዳገቱ በቁፋሮ ተቆርጦ ገደል ሆኗል። የወንዙ ዳር መንገድ ብቻ ቀረ።

ያንን መንገድ መጀመሪያ የሚያይ ሰው የሚገርመው ቀጥ ማለቱ ነው። ወንዙ እየተጣመመ ይሄዳል፤ መንገዱ ግን ደንታ የለውም። አንድ ቦታ ላይ ውኃውን ጥሎት ይርቃል፣ ሌላ ቦታ ላይ እግር ሊያረጥብ ይደርሳል፣ እርሱ ግን ከቤታችን ደጃፍ እስከ አስፋልቱ ድረስ የተወጠረ ክር ነው። ድልድዩ ሳይሠራ በፊት ሰውና ከብት የሚሻገረው በጀልባ ነበር አሉ። ጀልባዋ ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ወፍራም ገመድ እየተሳበች ነበር የምትሻገረው። ውኃ ደግሞ ገመድ ይበላል፤ ዛሬ የተወጠረው ሳይከርም ይላላል፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ ገመድ ሠሪዎች ወንዙ ዳር ሰፈሩ፤ ከእነርሱ አንዱ የአባቴ አያት ነበሩ። መንገዱን ማንም ቀይሶ አላወጣውም። እነርሱ ሲሠሩ የረገጡት ነው፤ የረገጡትም ኋሊት ነው።

ቃጫውን የሚጠመዝዘው ባለ እጀታ መዘውር ደጃፋችን ላይ ነበር። የማዞረው እኔ ነበርኩ። አባቴ የተበጠረ ቃጫ ወገቡ ላይ ይጠመጥምና፣ ጫፉን ከመዘውሩ መንጠቆ ጋር አያይዞ፣ ፊቱን ወደ እኔ እንዳደረገ ወደ ኋላ መራመድ ይጀምራል። እኔ ሳዞር ቃጫው ይጠመዘዛል፤ እርሱ በጣቶቹ እየመገበ፣ እየለቀቀ፣ እየራቀ ይሄዳል። ገመዱ የሚረዝመው አባቴ በራቀ መጠን ነው። መንገዱ ቀጥ ማለት የነበረበት ለዚህ ነው፤ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው መታጠፊያ አያይም።

የሌላ ሰው ልጅ አባቱ ወደ ሥራ ሲሄድ ጀርባውን ያያል። እኔ የማየው ፊቱን ነበር። ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል ቀስ እያለ ያንሳል። መጀመሪያ ቅንድቡ ይጠፋል፣ ከዚያ አፉ፣ ከዚያ ሸሚዙ ብቻ ይቀራል። ጫፍ ሲደርስ እጁን ከፍ አድርጎ ያነሳል፤ አቁሚ፣ ክንድሽን አሳርፊ ማለቱ ነው። እጁ ሳይነሳ ያቆምኩ፣ ከመቀመጫዬ የተነሳሁ እንደሆነ ግን ገመዱ ሞተ፤ የተጠመዘዘው ሁሉ ተመልሶ ይፈታል። ትንኝ አፍንጫዬ ላይ ሲቀመጥ በትንፋሼ አባርረው ነበር እንጂ እጄን ከእጀታው አላነሳም።

ወንድሜ ደግሞ ሥራው ከአባቴ ጀርባ ነበር። ጠጠሩን፣ ስንጥሩን፣ የተኛውን ውሻ ከመንገዱ ያነሳል። መንገደኛ ሲመጣ «ጀርባ!» ብሎ ይጮኻል፤ መንገደኛውም ዘወር ይላል፤ ባለሥልጣን ቢሆን ዘወር ይላል። ወንድሜ ሥራውን ይጠላው ነበር። የእኔ ተቀምጦ ነው፣ የእርሱ ጎንበስ ቀና ነው። ዛሬም ግን መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ ሳያስበው «ጀርባ» ይላል፤ ሚስቱ ትስቅበታለች።

እናቴ ቃጫውን የምታበጥረው ከመንገዱ አጋማሽ ላይ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጣውላ ላይ የተመታ የምስማር ረድፍ አላት፤ ቃጫውን በዚያ ላይ እየሳበች እንደ ልጅ ፀጉር ታሳምረዋለች። አባቴ ወገቡ ላይ የያዘው እዚያ ሲደርስ ያልቅበታል። ዞሮ አያያትም። እጁን ወደ ጎን ይዘረጋል፤ እርሷም የበጠረችውን ታስጨብጠዋለች፤ ሳይቆም ያልፋል። በዚህ ጊዜ የሚነጋገሩት ነገር አልነበረም። እኔ ከሩቅ ሆኜ የማየው ሁለት እጆች ሲገናኙና ሲለያዩ ነው።

ከወንዙ ማዶ ያሉት ይስቁብን ነበር። «የእናንተ ልጅ ሲወለድም በእግሩ ነው የሚመጣው» ይሉናል። አባቴን አባ ኋልዮሽ ብለው ጠሩት፤ ስሙም በዚያው ጸና። እኛ ልጆቹ ስንጣላ እንኳ «የአባ ኋልዮሽ ልጅ» እየተባባልን እንሳደብ ነበር፤ ሁለታችንም ልጆቹ መሆናችን አልታየንም።

ከዚያ ድልድዩ መጣ። ጀልባዋ ዳር ላይ ተደፍታ ዶሮ ማደሪያ ሆነች። ገመዱ ለጉድጓድና ለከብት መሸጡን ቀጥሎ ነበር፤ ናይለን ሲመጣ ያም ቀረ። ሌሎቹ ቤቶች መዘውራቸውን ለብረት ገዢ ሰጡ። የእኛ ሳይነሳ ቀረ፤ ካልሲ እናሰጣበታለን። ገመዱ መሬት እንዳይነካ በየመሃሉ ቆመው የነበሩት ባላ እንጨቶች ሲቆሙ እርጥብ ነበሩና ሥር ሰደዱ፤ ቅጠል አወጡ። ዛሬ መንገዱን ተከትለው የቆሙት ዛፎች እነርሱ ናቸው። ማንም ለጥላ ብሎ አልተከላቸውም።

ይህን ሁሉ የማወራው ጠዋቱን ሙሉ ሳላስበው ስለዋልኩ ነው። ያየሁት እግር ብቻ ነበር።

ፎርማኑ ጠጋ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ክፉ ሰው አልነበረም። ማሽኑ ጎረቤት ያለውን የእትዬን ቤት ጨርሶ ወደኛ መምጣቱ እንደሆነ፣ ከምሳ በፊት ቦታውን መልቀቅ እንዳለብን፣ ከፈለግን ጠንካራ ልጆች እንዳሉትና በወንበር አድርገው ተሸክመው ቶሎ እንደሚያደርሱት ነገረን። ሲናገር አባቴን አላየውም፤ አባቴ ግን ሰምቷል።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጠው። «በቃ አባዬ፣ እኔ ላዝልህ። ሌላ ሰው አይነካህም። አንተ አዝለኸኝ የለ?»

አባቴ ግን እኔን አየኝ። ልመና የለበትም፤ የገባሽውን ቃል ምን ልታደርጊው ነው የሚል አስተያየት ነበር።

«አንቺስ ንገሪው እንጂ» አለኝ ወንድሜ።

ልናገር አፌን ስከፍት መቆም አቃተኝ። እንባ አልነበረም፤ ንዴትም አልነበረም፤ ዝም ብሎ ድካም ነበር። ከአባቴ ኋላ፣ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ፣ የመዘውሩ መቀመጫ ነበር፤ ሄጄ ተቀመጥኩበት። ሰው ሲደክመው እጁን የሆነ ነገር ላይ ያሳርፋል። እጄ የት እንደሄደ ያወቅሁት ብረቱ ሲቀዘቅዘኝ ነው። የእጀታው ዝገት መዳፌን ቧጠጠው። ክብደቴን ጣልኩበትና ዞረ።

ጮኸ። ዘይት ካየ ዘመኑን የረሳ ብረት እንደሚጮኸው ነበር፤ እትዬ ጆሮዋን ያዘች። ያን ድምፅ ግን አውቀዋለሁ። አንዴ ዞሮ ሲመለስ የሚያሰማው ያ እንቅፋት ያለበት ጩኸት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የነበረ ነው።

የአባቴ ትከሻ ተንቀሳቀሰ።

እኔ ገና ልብ አላልኩም ነበር፤ እጄ ግን ደገመው። አባቴ መዞር ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ ስንዝር በስንዝር፣ ተረከዙን እየጎተተ፣ ፊቱን ወደ እኔ እስኪያደርግ ድረስ ዞረ። ወንድሜ ሊደግፈው እጁን ዘረጋ፤ አባቴ በክርኑ ገፋው። ከዚያ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። ጣቶቹ መንቀጥቀጣቸውን አላቆሙም፤ ግን ምንም ከሌለበት ወገቡ ላይ የሆነ ነገር ስበው መመገብ ጀመሩ።

ቀኝ እግሩን አንስቶ ወደ ኋላ አሳረፈው።

ያን ጊዜ ገባኝ። ጠዋቱን ሙሉ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙረን ስንገፋው ነበር። አባቴ ግን በዚያ መንገድ ላይ ለቤቱ ጀርባውን ሰጥቶ አያውቅም። ሲሄድ ፊቱ ወደ ቤት ነው፤ ሲመለስም ፊቱ ወደ ቤት ነው። እኛ የገመድ ሠሪ ልጆች ይህን እንረሳለን ብሎ ማን ያስባል።

እጀታውን በሁለት እጄ ያዝኩት።

ግራው ተከተለ። ከዚያ ቀኙ። እርምጃው አጭር ነው፣ ግን እርምጃ ነው። ወንድሜ አፉን ከፍቶ ቆመ።

«መንገዱን ጥረግ» አለው አባቴ።

«ምን አልከኝ?»

«ጠጠር አለ። ጥረግ።»

ወንድሜ እኔን አየኝ፣ ጎንበስ አለ፣ ጠጠሩን በእጁ ማንሳት ጀመረ። ቦርጩ አላስጎነብስ እያለው፣ የቀለም ጠብታ ያለበት ሱሪው እየተወጠረ፣ ከአባቴ ጀርባ ኋሊትና ወደ ፊት ይል ጀመር። እትዬ ከጓዟ ላይ ሆና «ጀርባ!» ብላ ጮኸች፤ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም፤ ደስ ስላላት ነው።

እኔ ልነሳ ፈለግሁ። አጠገቡ ልሆን፣ ቢወድቅ ልይዘው፣ መኪናው ድረስ ላደርሰው ፈለግሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ብብቱ ሥር የነበርኩት እኔ ነኝ። ከመቀመጫዬ ትንሽ ከፍ ስል መዘውሩ ዘገየ፤ የአባቴ እግር በአየር ላይ ቆመ።

«አትነሺ» አለኝ።

ተቀመጥኩ። አዞርኩ። እግሩ መሬት ነካ።

እንዲህ ነው የተሰናበትነው። ጠዋት አስቤው የነበረ ብዙ ነገር ነበር። መኪናው በር ላይ ሆኜ አንገቱን አቅፌ የምለው ነበረኝ፤ የመድኃኒቱን ሰዓት ለወንድሜ እደግምለታለሁ ብዬ ነበር፤ እሑድ እሑድ እመጣለሁ ልለው ነበር። ከዚህ አንዱንም አልኩት ለማለት አልችልም። እጀታውን እያዞርኩ አየሁት፤ እርሱም አየኝ። የመጀመሪያውን ባላ ዛፍ አለፈ። ቅንድቡ ጠፋ። እስኪጠፋ ድረስ እንደሸበተ አላስተዋልኩም ነበር።

የቀኝ ክንዴ ሲዝል በግራዬ አዞርኩ። መዳፌ ተላጠ። ሲያልበኝ ብረቱ ያዳልጠኝ ነበር፤ በቀሚሴ ጠርጌ ቀጠልኩ።

ጠፍጣፋው ድንጋይ ጋ ሲደርስ ቆመ።

እንደገና የተጣበቀ መሰለኝ። በዚያው ሰዓት ማሽኑ የእትዬን ግድግዳ መደርመስ ጀመረ፤ የሞተሩ ጩኸት የመዘውሩን ድምፅ ዋጠው። ከሩቅ የማየው ወንድሜ አባቴን ዞሮ ሲያነጋግረው፣ ከዚያ ሊያዝለው ጎንበስ ሲል ነው። አባቴ ግን ወደ እርሱ አላየም። አንድ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ነበር። ድንጋዩ ባዶ ነው፤ እጁ በባዶው ላይ ተዘርግቶ ይንቀጠቀጣል።

ምን እየጠበቀ እንደሆነ አውቃለሁ። መነሳት ግን አልችልም።

እኔ ጮክ ብሎ መናገር የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ ስፌት ቤት ውስጥ መቀስ አቀብሉኝ ከማለት እንኳ ተነስቼ ሄጄ አነሳለሁ። ያን ቀን ግን ፎርማኑን ከሆዴ በወጣ ድምፅ ጠራሁት። ማሽኑን አስቁምልኝ አልኩት። ምክንያቱን አልጠየቀኝም። ቆቡን ከፍ አድርጎ አወዛወዘ፤ ሞተሩ ተንኮሻኩሾ ጠፋ።

የወንዙ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የመዘውሬ።

«የሆነ ነገር እጁ ላይ አድርግለት!» ብዬ ጮህኩ።

ወንድሜ ቀና አለ። መጀመሪያ አልገባውም። የአባቴን እጅ አየ፣ ድንጋዩን አየ። ለረጅም ጊዜ ድንጋዩን ያየው መሰለኝ። ከዚያ ከመንገዱ ዳር የደረቀ ረጅም ሣር በሁለት እጁ ነቅሎ፣ አፈሩን በጉልበቱ መትቶ አራገፈና፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። እናታችን ትቀመጥበት እንደነበረው፣ ጉልበቱን ገጥሞ ተቀመጠ። ሣሩን አስጨበጠው።

አባቴ ሳያየው ተቀበለ። ወገቡ ላይ አደረገውና ኋሊት ሄደ።

ወንድሜ ወዲያው አልተነሳም። ፊቱን በክንዱ ጠረገ፤ ላብ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ሮጦ አባቴን ቀደመና ጠጠሩን ማንሳቱን ቀጠለ።

የአባቴ አፍ ጠፋ። ሸሚዙ ብቻ ቀረ፤ ጠዋት እኔው የተኮስኩት ነጭ ሸሚዝ፣ በዛፎቹ መካከል አንዴ እየታየ አንዴ እየጠፋ። ክንዴ የእኔ አይመስለኝም ነበር። ያቺ አንዲት ክፍል ትዝ አለችኝ። ማታ ማንም እንደማይጠራኝ ትዝ አለኝ፤ ይህን እንቅልፍ ስንት ጊዜ ተመኝቼው ነበር። አሁን ሲመጣ ፊቱ ምን እንደሚመስል አላውቀውም።

አስፋልቱ ጋ ደረሰ። ወንድሜ የመኪናውን በር ሲከፍት መስታወቱ ብልጭ አለ። አባቴ ቆመ። እጁ ከጎኑ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ግን እጁ ሁልጊዜም ይንቀሳቀሳል፤ በሽታው ይሁን ምልክቱ ከዚያ ርቀት መለየት አልቻልኩም። ስለዚህ ማዞሬን አላቆምኩም። ጆሮዬ ውስጥ ከራሴ ትንፋሽና ከብረቱ በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

አባቴ ይህን ያወቀ ይመስለኛል። የቀኝ እጁን አንጓ በግራ እጁ ያዘ፤ አጥብቆ ያዘው፤ መንቀጥቀጡን እንደምንም አስታግሶ፣ ሁለቱንም እጆቹን ከራሱ በላይ አነሳ። ዝቅ አላደረጋቸውም። እስካቆም ድረስ ጠበቀኝ።

አቆምኩ።

መዘውሩ በራሱ ትንሽ ዞሮ ቆመ። እጆቹ ወረዱ። ወንድሜ እንዴት አድርጎ እንዳስገባው አላየሁም፤ የመኪናው በር ሲዘጋ ድምፁ ዘግይቶ መጣ። ከዚያ መንገዱ ቀጥ ብሎ፣ ባዶውን ቀረ። ትንሽ ሣር ብቻ በየመሃሉ ወድቆ ነበር።

እትዬ ጓዟን አንስታ «በዳገቱማ ብሄድ ገደል ተደፍቼ እሞታለሁ» እያለች፣ እየተነጫነጨች፣ በዚያው በወንዙ ዳር መንገድ ሄደች። ጥቂት እንደሄደች ዞር ብላ ቤቷ የነበረበትን አቧራ አየች። ከዚያ ወደ ፊቷ ቀጠለች።

ፎርማኑ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። መዘውሩን የሚወስድልኝ ሰው መኖሩን ጠየቀኝ። ካልሆነም ልጆቹ መንቀልና መኪና ላይ መጫን እንደሚችሉ ነገረኝ። የት እንደማስቀምጠው አሰብኩ፤ ክፍሏን ለክቻታለሁ።

«ትንሽ ልቀመጥ» አልኩት።

ማሽኑ ላይ ወዳለው ሰውዬ ዞሮ በእጁ የቆይ ምልክት ሰጠው፤ ከዚያ እርሱም አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ቆቡን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ቁጭ በይ እህቴ» አለኝ። «ማሽኑም ይረፍ።»

ጣቶቼ አሁንም እጀታውን እንደጨበጡ ነበሩ። አልዘረጋ ብለውኝ አንድ በአንድ በሌላው እጄ አላቀቅኋቸው።